ከሴት ልጃችሁ ጋር ለአንድ ቀን፦ ሐረር ወይስ ድሬዳዋ?

ከልጃችሁ ጋር ሁለታችሁ ብቻ አንድ ቀን ለማሳለፍ ካሰባችሁ፣ የኔ ጥቆማ ሐረር ነው። ድሬዎች አትቀየሙኝ፤ እኔም የድሬ ሰው ነኝ። ከፊራ ገበያ በጠዋት ደስ ይላል፤ ከዚራ ሰፈርም በዛፉ ጥላ ስር መንሸራሸር የሚወደድ ነገር ነው። ግን ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ልጅ ይደክማታል፤ ቤት እንግባ ትላለች። ድሬን ለግማሽ ቀን ያዟት፤ ሙሉ ቀን ካላችሁ ውጡ።

መንገዱ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ግን ሆዳቸው ቶሎ ለሚታወክ ልጆች ይከብዳል። የፊት ወንበር ያዙላት፣ ቁርስ አታብዙባት፣ ሎሚ በእጇ ይኑር። ኮንትራት መኪና ለቀን ጉዞ አያስፈልግም፤ ማታ መመለስ ካለባችሁ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋውን ጨርሱ።

ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ከገባችሁ በኋላ በእግር ነው። መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ሸራ ጫማ አድርጉላት። ከሙዚየሞቹ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የሚጠራው የራምቦ ቤት የእንጨት ሥራው ያምራል፣ የድሮ ፎቶዎችም አሉት፤ ለትልልቆች ይሻላል። ሸሪፍ ሙዚየም ራስ ተፈሪ የኖሩበት ቤት ነው፤ ጌጣጌጥ፣ ሳንቲምና የእጅ ጽሑፍ ለምትወድ ልጅ ጥሩ ነው። እኔ የማስቀድመው ግን ባህላዊውን የሐረሪ ቤት ነው። ከፍና ዝቅ ያለው ቀይ መደብ፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌት፣ በየመደርደሪያው ያለው ሳህን፣ የሚታይ ነገር አያልቅም። አስጎብኚ እዚህ ያዙ፤ ገንዘቡ የሚያዋጣው እዚህ ነው። ልጄ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አይታ «አባ፣ ይሄ ለምንድነው?» አለች። አስጎብኚው ለማግባት የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ምልክት ነው አላት። ትንሽ አሰበችና «የኛ ምንጣፍ ግን መሬት ላይ ነው አይደል?» አለችኝ። ገና ነው አልኳት። መንገዱን ሁሉ ስለዚያ ስናወራ ዋልን።

ከዚያ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ውረዱ። ሰፊዎቹ ከሁለቱም ወገን ተደርድረው ይሰፋሉ። ጨርቁን ራሷ ትምረጥ። ቀላል ቀሚስ ጠዋት ብትሰጡ ወደ ማታ ሊደርስ ይችላል፤ ጌጥ የበዛበት ከሆነ ግን አይደርስም፣ አትጨቃጨቁ። ተዘጋጅቶ ከተሰቀለው ልብስ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ሲለኩላት የምታየውን ደስታ ልብስ ሱቅ ውስጥ አታገኙትም።

ሂና ካማራት ጥንቃቄ አድርጉ። እውነተኛው ሂና አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ እጅ ላይ ቆይቶ ቀይ ቡናማ ይሆናል። በደቂቃ ውስጥ ጥቁር የሚለው የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ቆዳ ሊያሳክክና ሊያቆስል ይችላል። ዱቄቱን አሳዩኝ በሉ። ካላሳዩዋችሁ ተዉት።

ለሆድ ደግሞ፣ ጠዋት ፈጢራ በእንቁላልና በማር። ከጣፋጩ ሙሸበክና ሀልዋ አሉ። ሙሸበክ ትኩሱን እዚያው ይበላል፤ ለቤት ከሆነ ሀልዋው ይሻላል፣ ስለሚቆይ። አርብ ከሄዳችሁ በጁምዓ ሰዓት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ምሳችሁን በዚያ ሰዓት አድርጉ።

ጅብ ማብላቱስ? ምግቡ የሚሰጠው ከግንቡ ውጭ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ሲጨልም ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ከሄዳችሁ እኔ አልመክርም፤ በሌሊት ደንገጎን ከልጅ ጋር መውረድ አልወድም። ካደራችሁ ግን አይታለፍም። የሚያበላው ሰው ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጎ ለእንግዳም ይሰጣል። ልጃችሁ ከፈራች አታስገድዷት፤ ከናንተ ኋላ ቆማ ማየትም ይበቃታል። ከፈለገች ደግሞ እጇን ያዙና አብራችሁ ዘርጉ።