ከቅድመ አያት በላይ ያለው ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ ቅድመ አያት የአያት አባት ወይም እናት መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በላይስ? ሰሞኑን በትርጉም ጽሑፎች ላይ «ቅድመ ቅድመ አያት» የሚል እያየሁ ነው። ያስኬዳል?

መልስ፦ ሰው ይረዳዋል፤ አማርኛው ግን እንዲያ አይቆጥርም። «ቅድመ» ከግዕዝ የመጣ ነው፣ «በፊት» ማለት ነው፤ ቅድመ ታሪክና ቅድመ ሁኔታ ላይ ያለው ራሱ ነው። አያት ላይ አንዴ ይገባና ሥራው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ይለወጣል፦ ምንዝላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ።

በሸዋ ነገሥታት እንየው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለዐፄ ምኒልክ አያት ናቸው። ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ቅድመ አያት፤ የራስ መኮንን እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸውና። ወደ ላይ ሲቀጥል የሣህለ ሥላሴ አባት ወሰን ሰገድ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ምንዝላት፣ የወሰን ሰገድ አባት አስፋ ወሰን ደግሞ እንጅላት ይሆናሉ። ልብ በሉ፣ መስመሩ በሴት አልፏል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። መለየት የፈለገ «በአባቴ በኩል»፣ «በእናቴ በኩል» ይላል።

ሌላ አስተያየት፦ ቅማያትን የት ጣልከው ወንድሜ? እኛ ዘንድ ከቅድመ አያት ቀጥሎ ቅማያት ነው፤ ምንዝላት ከእሱ በላይ ነው።

መልስ፦ ጠቡ ያለው እዚያው ላይ ነው። አንዳንዱ ቅማያትን የቅድመ አያት አጭር አጠራር ያደርገዋል፣ ሌላው ራሱን የቻለ ደረጃ። አባትን አንድ ብለን ከጀመርን ምንዝላት ለአንዱ 4ኛ፣ ለሌላው 5ኛ ይሆናል፤ ሰባተኛውም ለአንዱ ቅናጅ፣ ለሌላው ፍናጅ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር በእነዚህ ቃላት ብቻ መተማመን ስለማያዋጣ ሽማግሌዎች «እገሌ እገሌን ወለደ» እያሉ በስም ይወርዳሉ። ርስት ጠያቂም እስከ ዋናው አባት፣ ማለትም ርስቱን መጀመሪያ እስከያዘው ሰው ድረስ የሚቆጥረው እንዲሁ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሙግት ካስቀረ ወዲህ የምንዝላቱን ስም በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቢቀንስ አይገርምም።

ደግሞ «ቅድመ አያቶቻችን» ሲባል ደረጃው ይጠፋል፤ የጥንት ሰዎቻችን ማለት ብቻ ይሆናል። ለነጠላው ግን ጥንቃቄ ይሻል። ስለዚህ ለተርጓሚ ምክሬ፦ አንባቢህ ምንዝላትን የማያውቅ ከመሰለህ «የቅድመ አያቱ አባት» ብለህ ጻፍ፤ «ቅድመ»ን አትደርድር።