የሮዛ ፓርክስ የአውቶብስ ፎቶ ለካሜራ የተዘጋጀ ነው አሉኝ፤ ከግድግዳው ላውርደው?

መምህርቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። አሜሪካ ውስጥ የዘር አጥርን ቀድመው የሰበሩ ጥቁር ሰዎችን ፎቶ እያሰባሰብኩ ክፍሌ ውስጥ እየለጠፍኩ ነው። ተማሪዎቼ ከ12 እስከ 14 ዓመት ናቸው። ሮዛ ፓርክስ ሁለት ቦታ አለች፤ አንዱ ላይ አውቶብስ ውስጥ ናት፣ አንዱ ላይ 7053 የሚል ቁጥር ደረቷ ላይ ይዛለች። ከኋላዋ የሚጮሁባት የሊትል ሮኳ ልጅ አለች። ትንሿ ሩቢ ብሪጅስ አለች። አብራሪዋ ቤሲ ኮልማን አለች። የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ሐኪም፣ ዶክተር ርብቃ ክረምፕለርም አለች።

ከሁሉ የምወደው የአውቶብሱን ነው። ሮዛ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ ከኋላዋ ፊቱን የቋጠረ ነጭ ሰውዬ ተቀምጧል። ያ ሰውዬ ተነሽልኝ ብሏት እምቢ ያለችው ይመስለኝ ነበር። ልጆቹንም ስንት ዓመት እንደዚያ ብዬ ነው ያስተማርኳቸው። ትናንት አንድ ባልደረባዬ ገባና "ይሄ እኮ ለካሜራ የተዘጋጀ ነው፣ ሰውዬውም ጋዜጠኛ ነው" አለኝ። ክው ነው ያልኩት።

እውነት ከሆነ ልጆቹን ስዋሻቸው ከርሜያለሁ ማለት ነው። ላውርደው ወይስ ይቆይ? ከቀሩትም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ካለ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

የድሮ ጋዜጣ

እህቴ፣ ባልደረባሽ ልክ ነው። ግን አታውርጂው።

ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ ከመቀመጫዬ አልነሳም ብላ የታሰረችው ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፎቶው የተነሳው ግን ዲሴምበር 21 ቀን 1956 ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ። ቀኑን ልብ በይው። የከተማዋ የሞንትጎመሪ ጥቁሮች 381 ቀን ሙሉ አውቶብስ አንሳፈርም ብለው፣ የቻለ በእግሩ፣ ያልቻለ በሰው መኪና እየተዳበለ ሥራ ሲመላለስ ከርሞ፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶብስ ላይ ዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ፣ አድማው የቆመው በዋዜማው ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለችው ሮዛ ተነሽ ስትባል እምቢ እያለች አይደለም። እምቢ ካለች በኋላ፣ አድማው አሸንፎ፣ ደስ ያላት ቦታ ላይ ቁጭ ብላ ነው።

ሰውዬው ኒኮላስ ክሪስ ይባላል፤ የዩናይትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ነበር። የት እንደተቀመጠ እይው እስቲ። ከኋላዋ ነው። ከዓመት በፊት በዚያች ከተማ አውቶብስ ነጭ ከፊት፣ ጥቁር ከኋላ ነበር። እኔ ይሄንን ካወቅኩ ወዲህ ፎቶውን ከበፊቱ የበለጠ ነው የወደድኩት።

ሌላው ግን ያው ስህተት አለበት። ቁጥር 7053ን ብዙ ሰው የታሰረች ዕለት የተነሳችው ነው ብሎ ያጋራዋል። አይደለም። ፌብሩዋሪ 1956 ላይ የአድማውን መሪዎችና አስተባባሪዎች በጅምላ ሲከሱ የተነሳችው ነው። ፖሊስ የጣት አሻራዋን ሲወስድ የሚያሳየውም ከዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሥሩ "በአድማው ምክንያት በድጋሚ ስትታሰር" ብለሽ ጻፊ።

አንድ ፎቶ ጨምሪልኝ፣ የክሎዴት ኮልቪንን። በዚያችው ከተማ፣ ከሮዛ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ ማርች 2 ቀን 1955 ከመቀመጫዬ አልነሳም ያለች ልጅ ናት። 15 ዓመቷ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ አሸናፊ የሆነው መዝገብ ላይ ከሳሽ ሆና የቀረበችው ደግሞ እሷና ሌሎች ሴቶች ናቸው፤ ሮዛ እዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። ተማሪዎችሽ በዕድሜ የሚቀርቧት እሷን ነው።

ካሜራ ያዥ

ፎቶ አንሺ ነኝ። "ለካሜራ የተዘጋጀ" የሚለው ቃል ለምን ሰው እንደሚያስደነግጥ ይገባኛል፣ ግን ማዘጋጀት ኃጢአት አይደለም። ጎርደን ፓርክስ የሚባል ጥቁር ፎቶ አንሺ በ1942 ዋሽንግተን ውስጥ ኤላ ዋትሰን የምትባል የመንግሥት ቢሮ ጽዳት ሠራተኛን መጥረጊያና መወልወያ ይዛ ትልቁ የአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቁሞ አነሳት። እሱ ነው ያቆማት፣ ማንም አልደበቀውም። ከዚያ ፎቶ የበለጠ ስለዚያ ጊዜ የሚናገር ብዙ አላየሁም። ጎርደን ፓርክስን ራሱን ግድግዳሽ ላይ ብታስገቢው ደስ ይለኛል፤ በ1948 የላይፍ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶ አንሺ የሆነው እሱ ነው። ከካሜራው ፊት ያሉትን ስናደንቅ ከኋላው የነበሩትን እንረሳለን።

የሊትል ሮኩን ግን ማንም አላዘጋጀውም። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1957። ልጅቷ ኤሊዛቤት ኤክፎርድ ናት፣ 15 ዓመቷ። ሊትል ሮክ ከተማ ውስጥ እስከዚያ ነጭ ብቻ ይማርበት ወደነበረ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ተሰባስበው አብረው ሊገቡ ነበር የታሰበው። እነ ኤሊዛቤት ቤት ስልክ ስላልነበረ መልእክቱ አልደረሳትም። ብቻዋን በአውቶብስ መጣች። አገረ ገዥው ያሰለፋቸው የናሽናል ጋርድ ወታደሮች ነጮቹን ተማሪዎች እያሳለፉ እሷን ከለከሏት። ዞራ ወደ አውቶብስ ማቆሚያው መሄድ ጀመረች፣ ሕዝቡ ተከተላት።

አሁን ፎቶውን ከፍተሽ አጉይው። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ደብተሯን በክንዷ ይዛዋለች። የለበሰችው ነጭ ልብስ ለትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ቀን ብላ ቤት ውስጥ የሰፋችው ነው፤ ከታች ጫፉ ላይ ትንንሽ ካሬ ያለው ጨርቅ ዞሮበታል። አንጀቴን የሚበላው እሱ ነው። የተኮሰችው ልብስ መስመር ሳይበላሽ፣ ከኋላዋ አፏን ከፍታ የምትጮኸው ልጅ ጥርስ ይታያል። እሷም 15 ዓመቷ ነው፣ ሄዘል ብራያን ትባላለች።

ያነሳው ዊል ካውንትስ ነው፣ የከተማው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ። ራሱ እዚያው ትምህርት ቤት ተምሯል። ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አንድ ባነሱ ቁጥር ፊልም መቀየር ያለባቸውን ትልልቅ ካሜራ ይዘው ሲመጡ፣ እሱ የ35 ሚሊ ሜትር ትንሽ ካሜራ ነበር የያዘው። ለዚህ ነው ከፊቷ እየሄደ ደጋግሞ ማንሳት የቻለው።

እባክሽ አትቁረጪው። ኤሊዛቤትን ብቻ አስቀርተው ከኋላ ያሉትን የሚቆርጡ አሉ፤ ብቻዋን መሆኗ እኮ የሚታየው በእነሱ ነው።

ሄዘል በ1963 ደውላ ይቅርታ ጠይቃታለች። በ1997 ደግሞ ሁለቱ እዚያው ትምህርት ቤት ፊት አብረው ቆመው ያው ካውንትስ አንስቷቸዋል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ተቀራርበው ነበር፣ ግን ጓደኝነቱ አልዘለቀም። ለልጆቹ ይሄንንም ንገሪያቸው። በ1997ቱ ፎቶ ብቻ ከጨረስሽው ታሪኩን አሳጥረሽባቸዋል።

የሁለት ሴቶች ልጆች አባት

መምህርት፣ ሥራዎትን አከብራለሁ። ካሜራ ያዥ ያለው ላይ ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ።

ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ እያለ የዶሮቲ ካውንትስን ፎቶ አየች። እሷም ያንኑ ዕለት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1957፣ ሻርሎት ከተማ ውስጥ ነጭ ትምህርት ቤት የገባች የ15 ዓመት ልጅ ናት። አንገቷ ስር ትልቅ ሪባን ያለው ቆንጆ ቀሚስ ለብሳለች፣ ወንዶቹ ከኋላዋ ይስቁባታል። ልጄ አየችና "ምን አጥፍታ ነው?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እስካሁን ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጅ ብዙ ሰው አንዱን ከቦ ሲስቅበት ካየ፣ መሀል ያለው ያጠፋ ነው የሚመስለው።

ያ ፎቶ የ1957 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ተብሎ ተሸልሟል። ዶሮቲ ግን አራት ቀን ተምራ ወላጆቿ አስወጧት። እኔ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ሳስበው ሆድ ይብሰኛል።

ስለዚህ አያውርዱ፣ ግን ግድግዳው ሁሉ የሚሰደብ ሰው አይሁን። ሰዎቹ ራሳቸው "እንዲህ ሆኜ ልታይ" ብለው የተነሱት አለ እኮ። ፍሬድሪክ ዳግላስ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው፤ 160 የሚሆን ፎቶው ይታወቃል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከማንም አሜሪካዊ በላይ ፎቶ የተነሳው እሱ ነው ይባላል። አስቦበት ነው ያደረገው። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ጥቁርን ሲስሉ ጥርሱን እያገጠጠ የሚስቅ ሞኝ አድርገው ነበር። እሱ አይስቅም። ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ኮስተር ብሎ ይቆማል። አጠገቡ ሶጆርነር ትሩዝን ይስቀሉ፤ የራሷን ፎቶ እያሳተመች ትሸጥና በገንዘቡ ትተዳደር፣ ለትግሏም ታውለው ነበር። ሹራብ መሥሪያዋን ይዛ ቁጭ ብላ የተነሳችው አለ።

ቤሲ ኮልማንንም ጎላ ያድርጓት። ቺካጎ ፀጉር ቤት ውስጥ ጥፍር የምትሠራ ሴት ነበረች። አሜሪካ ውስጥ የሚያስተምራት የበረራ ትምህርት ቤት ስታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሄደች፣ ጁን 15 ቀን 1921 የአብራሪነት ፈቃዷን ይዛ ወጣች። በ1926 ከአውሮፕላን ወድቃ ሞተች። በ1992 ደግሞ ሜይ ጄሚሰን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጠፈርተኛ ሆና በኢንዴቨር መንኮራኩር ስትወጣ፣ የቤሲን ፎቶ ይዛ ነው የወጣችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያድርጓቸው፣ ልጆቹ ራሳቸው ያገናኙታል።

መምህርቷ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የአውቶብሱ ይቆያል፣ ጽሑፉን ዛሬ ማታ ቀይሬዋለሁ። ለልጆቹም ነገ በግልጽ፣ ተሳስቼ ነበር እላቸዋለሁ።

አባት፣ የልጅዎ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ሩቢን አስታወሰኝ። ኖቬምበር 14 ቀን 1960፣ ስድስት ዓመቷ፣ ኒው ኦርሊንስ። የፌዴራል መንግሥት ፖሊሶች (ማርሻሎች) ከበዋት ከነጮቹ ትምህርት ቤት ደረጃ ስትወርድ ነው ፎቶው። እኔ ግን ሁሌ የማስበው ከበሩ ውስጥ ያለውን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ እሷና መምህርቷ ባርባራ ሄንሪ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጥተዋል። አንዲት መምህርት፣ አንዲት ተማሪ። ይሄን ፎቶ ያነሳ ሰው ቢኖር ከሁሉ በላይ እሱን ነበር የምሰቅለው። ኤሊዛቤትና ሩቢ ይቆያሉ፣ ግን ከሥራቸው "ያጠፋችው ምንም የለም፣ ለመማር ነው የመጣችው" ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ።

ነርስ ነኝ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። መምህርት፣ የዶክተር ርብቃ ክረምፕለር ያልሽው ፎቶ የትኛው ነው? ነጭ ክብ ቆብ ያደረገች፣ ረጋ ያለ ፊት ያላት ሴት ከሆነች እሷ ርብቃ አይደለችም። ሜሪ ኤሊዛ ማሆኒ ናት።

ማሆኒን በሙያዬ ነው የማውቃት። ቦስተን ሆስፒታል ውስጥ ምግብ ስታበስል፣ ልብስ ስታጥብ፣ ስትወለውል ኖራ እዚያው የነርስ ትምህርት ገባች፣ በ1879 ተመረቀች። አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቤት ሠልጥና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ ናት። ከእሷ ጋር ከጀመሩት ብዙ ሰዎች የጨረሱት አራት ብቻ ናቸው። ፎቶዋ ግን ኢንተርኔት ላይ በሌላ ሰው ስም ይዞራል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሁለት ሴቶችን በአንድ ጊዜ ነው የምናጠፋው።

የርብቃ የተረጋገጠ ፎቶ የለም። አንድም። በ1864 በሕክምና ተመረቀች፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሪችመንድ ከተማ ሄዳ ከባርነት የወጡ ሰዎችን አከመች፣ በ1883 ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ አለ፣ ፊቷ የለም። የሞተችው በ1895 ነው፤ መቃብሯ ላይ የስም ድንጋይ የቆመላት በ2020 ነው።

መምህርቷ

ቆቡ አለ። እሷው ናት፣ ማሆኒ።

ምን እንደምል አላውቅም። ሁለት ዓመት ነው ክፍሌ ውስጥ በሰው ስም የተሰቀለችው።

የድሮ ጋዜጣ

ለርብቃ የመጽሐፏን የመጀመሪያ ገጽ አትመሽ ፍሬም ውስጥ አድርጊው። ስሟ እዚያ ላይ ታትሟል፤ ከእሷ የቀረ እውነተኛ ነገር እሱ ነው።

መምህርቷ

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሼ ነው። የመጽሐፉ ገጽ ተሰቅሏል። ከሥሩ "ዶክተር ርብቃ ክረምፕለር፣ ፎቶዋ አልተገኘም" ብያለሁ። ልጆቹ ከሌላው ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚቆሙት። አንዷ ተማሪዬ ሐኪም ሆና እንዴት ፎቶ አትነሳም ብላ ጠየቀችኝ፣ ተነስታ ይሆናል፣ ያስቀመጠላት ሰው ግን የለም አልኳት፤ ብዙ ቆመች እዚያ።

ማሆኒ ከጎኗ አለች። በራሷ ስም።