እርዱኝ! መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዛምፕ ላይ ማይኤስኪውኤል አልነሳም አለኝ፣ ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው

ሜሪ ሌቭል 4፦
ሰላም ሰዎች፣ በጣም ተጨንቄ ነው የምጽፈው። ከሰዓት ቁጭ ብዬ እየሰራሁ መብራት ቦግ ድርግም ሲል ቆየና ጭራሽ ጠፋ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፣ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሰራው፣ አብሮ ጥፍት አለ። መብራት ሲመጣ ዛምፕን፣ ዌብሳይቴን ላፕቶፔ ላይ የማስኬድበትን ፕሮግራም፣ ከፈትኩ። ዌብ ሰርቨሩ አፓቼው አረንጓዴ ሆነ። ዳታቤዙን፣ ማይኤስኪውኤልን፣ ስታርት ስለው ግን ቢጫ ይሆንና መልሶ ይጠፋል። ከታች በቀይ «ሻትዳውን አንኤክስፔክትድሊ»፣ ሳይታሰብ ተዘጋ፣ ይላል። አስር ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ምዘና አለብኝ፣ የሁለት ወር ስራዬ እዛ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ??? ቶሎ በሉ በናታችሁ።

የአቶቴው፦
ወንድሜ ፖርት ነው። ዳታቤዙ የሚገናኝበትን የበር ቁጥር፣ 3306ን፣ ሌላ ፕሮግራም ይዞብህ ነው። ኮንፊግ ውስጥ ገብተህ 3307 አድርገው፣ አለቀ።

ሜሪ ሌቭል 4፦
እህትህ ነኝ። ጠዋት እኮ ይሰራ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ምንም አልጫንኩም። ፖርቱን ማን መጥቶ ይይዘዋል? ለማንኛውም ቀየርኩት። ያው ነው።

ፎርማት ነው መፍትሄው፦
ዛምፑን አንኢንስታል አድርጊና እንደገና ጫኚው። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
እንዳታደርጊው! ዳታሽ ያለው እዛው የዛምፕ ፎልደር ውስጥ ነው። አንኢንስታል ስትዪው አብሮ ሊሄድ ይችላል። እሱ የሚጠፋበት ነገር ስለሌለው ነው 10 ደቂቃ የሚፈጅበት።

ፎርማት ነው መፍትሄው፦
ለእኔ ሁሌም ሰርቶልኛል። ምክር የማትሰሙ ከሆነ አትጠይቁ።

ጋሽ ኬብል፦
ልጄ አይዞሽ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምዘና በደረሰ ቁጥር ይቺው ጥያቄ ትመጣለች። ሰልጣኙ ኤችቲዶክስ ፎልደርን ፍላሽ ላይ ይገለብጥና «ባክአፕ አለኝ» ብሎ ይተኛል። እዛ ውስጥ ያለው ኮዱ ብቻ ነው! ዳታው የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፣ ዛምፕ ከዛ ማይኤስኪውኤል ከዛ ዳታ የሚል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ነው። ዳታቤዙን በብሮውዘር የምታዪበት ፒኤችፒ ማይአድሚን ገብቶ ኤክስፖርት ማለት አንድ ደቂቃ ነው። የሚወጣው ፋይል ትንሽ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ሴቭድ ሜሴጅ ብትልኪው ላፕቶፑ ሐይቅ ቢገባ እንኳ አይጠፋም። ሌላው፣ ሰው ስታቢላይዘር ይገዛና መብራት ሲጠፋ ያድነኛል ብሎ ይቀመጣል። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ነው የሚያስተካክለው፣ ባትሪ የለውም። የሚያቆይሽ ዩፒኤስ ነው፣ እሱም ቢሆን ሴቭ አድርገሽ እስክትዘጊ ድረስ ነው እንጂ ፊልም ልታዪበት አይደለም። ደግሞ ሁላችሁም ማይኤስኪውኤል ማይኤስኪውኤል ትላላችሁ። ቁልፉ ላይ ስሙ ቀረ እንጂ ዛምፕ ውስጥ ያለው ከፈረንጆቹ 2015 ወዲህ ማሪያ ዲቢ ነው። ማይኤስኪውኤልን ከሰሩት አንዱ ፊንላንዳዊው ሞንቲ ዊዴኒየስ ነው። «ማይ» የሴት ልጁ ስም ነው። ነገሩ ወደ ኦራክል ኩባንያ እጅ ሲሄድበት ኮዱን ይዞ ሌላ ቅርንጫፍ አወጣና በታናሿ ልጁ በማሪያ ሰየመው። ስለዚህ ስህተቱን ጎግል ስታደርጊ ማሪያ ዲቢ ብለሽ ፈልጊ።

አምባዛ፦
ጋሼ፣ ልጅቷ እየሰመጠች እርስዎ የሰውዬውን ቤተሰብ ያስተዋውቁናል ሃሃሃ

ጋሽ ኬብል፦
አንተ ለመሳቅ ብቻ ነው የምትገባው። አንድ ቀን ይደርስብሃል።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
ሜሪዬ፣ መጀመሪያ ምኑም ላይ እጅሽን አታሳርፊ። ዛምፕን ዝጊና ያንን ዳታ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርገሽ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪ። ከዛ ንገሪኝ፣ ሎጉ፣ ስህተቱ የሚመዘገብበት ፋይል፣ ምን ይላል? ኮንትሮል ፓኔሉ ላይ ማይኤስኪውኤል ካለበት መስመር ሎግስ የሚል ቁልፍ አለ። ኤረር ሎጉን ክፈቺና መጨረሻ ላይ ያሉትን መስመሮች አንብቢልኝ። ደግሞ ፕሮጀክትሽ ምንድን ነው፣ የት ነሽ፣ ዊንዶውስሽ ስንት ነው፣ ምንም አልነገርሽንም እኮ።

ሜሪ ሌቭል 4፦
እሺ ይቅርታ። ሀዋሳ ነኝ፣ ቴክኒክና ሙያ፣ ዌብ ዴቨሎፕመንትና ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን ሌቭል 4። ዊንዶውስ 10። ፕሮጀክቴ አሞራ ገደል ለሚሸጥ አሳ መመዝገቢያ ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ እያለ በአይነት ይለያል፣ ያጠመደው ማን ነው፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ተሸጠ። 400 የሚሆን መዝገብ አንድ በአንድ በእጄ አስገብቻለሁ። ጋሼ የተናገሩት እኔን ነው፣ ፍላሽ ላይ ያለኝ ኤችቲዶክሱ ብቻ ነው። ሎጉን አሁን አያለሁ።

አምባዛ፦
በቃ አሳው ተመልሶ ሐይቅ ገብቷል። መረብ ይዘሽ ውረጂ። እኔም ሰንጠረዥሽ ውስጥ በመኖሬ ግን ኮርቻለሁ።

ኖት የት፦
እኔ ያልገባኝ፣ ለምን ትጨነቂያለሽ? የብቃት ማረጋገጫው ምዘና፣ ሲኦሲ ላይ እኮ ከቤት ፕሮጀክት ይዘሽ አትገቢም። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ከዛ የተግባሩን ጥያቄ እዛው ይሰጡሻል፣ በማዕከሉ ኮምፒውተር ሰርተሽ ለመዛኙ ታሳያለሽ። ስለዚህ ችግር የለብሽም። እኔ በመጀመሪያው ዙር «ኖት የት ኮምፒተንት»፣ ገና ብቁ አይደለህም፣ የተባልኩት ኔትወርክ ኬብል ላይ ነበር፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን አቀያይሬ ክሪምፕ አድርጌ። ፕሮጀክቴን ማንም አልጠየቀኝም።

ሜሪ ሌቭል 4፦
ሲኦሲ አላልኩም! የኮሌጁ የራሱ ምዘና ነው። አሰልጣኛችን ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑና ሲሰራ አሳዩኝ ብሏል። እሱን ሳላልፍ ሲኦሲ የምቀመጥ ይመስልሃል?

ኖት የት፦
«ምዘና» ስላልሽ ነው። በግልጽ ጻፊ።

ዴቭ ፒያሳ፦
ይሄ ቀላል ነው። ዳታ ፎልደር ውስጥ አይቢዳታ1 የሚል ፋይል አለ። እሱን ሰርዢና ስታርት በይ። ራሱ አዲስ ይፈጥራል። ሁለት ጊዜ አጋጥሞኝ ሰርቶልኛል።

የአቶቴው፦
ፖርቱን 3308 ብትሞክሪስ?

ቤቲ ዳታቤዝ፦
ዴቭ ምን ነካህ!! አይቢዳታ1ን ከነካሽው ቴብሎችሽ ስማቸው ይታያል፣ ስትከፍቻቸው ግን «የለም» ይልሻል። ዋናው ማውጫ እሱ ውስጥ ነው። የቴብሉ ፋይል ብቻውን ቢቀር እንኳ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። ሜሪ አትሰርዢው፣ ሰማሽኝ?

ሜሪ ሌቭል 4፦
ወይኔ ሰርዤዋለሁ

ሜሪ ሌቭል 4፦
ስታርት ልል ስል ነው ያየሁሽ

ቤቲ ዳታቤዝ፦
እንዳትነኪው! ስታርት እንዳትዪ። በሺፍት ነው የሰረዝሽው ወይስ ዝም ብለሽ?

ሜሪ ሌቭል 4፦
ዝም ብዬ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
ተመስገን። ሪስቶር በይው፣ ቦታው ይመለሳል። ቅድም ኮፒ አድርጊ ያልኩሽን አድርገሽ ነበር?

ሜሪ ሌቭል 4፦
አላደረግኩም... አሁን መለስኩትና ዳታውን ሙሉ ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አደረግኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሎጉ መጨረሻ ላይ፣ ፕሪቪሌጅ ቴብሎችን መክፈት አልቻልኩም፣ «ዲቢ» የሚባለው ቴብል ኢንዴክሱ ተበላሽቷል፣ ሪፔር አድርጉት ይላል። እኔ ግን ዲቢ የሚባል ቴብል የለኝም!

ዴቭ ፒያሳ፦
እኔ በቅንነት ነው የመከርኩት። የእኔ ውስጥ ዳታ ስላልነበረ ይሆናል።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
ሜሪ፣ ይሄ ደስ የሚል ወሬ ነው። ያ ቴብል የአንቺ አይደለም፣ የራሱ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ምን ይንካ የሚለውን የሚያስቀምጥበት። መብራቱ ሲጠፋ የተጎዳው እሱ ነው፣ የአሳ መዝገብሽ አልተነካም። በር ጠባቂው ታሞ ነው ገበያው የተዘጋው። እንደዚህ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ፣ አትቸኩዪ።

ዛምፕ እንደተዘጋ ይሁን። ዳታ ፎልደር ውስጥ ማይኤስኪውኤል የሚል ፎልደር አለ። ልብ በይ፣ ውጪ ያለው ትልቁ አይደለም፣ ዳታ ውስጥ ያለው ትንሹ ነው። እሱን ስሙን «አሮጌ» ነገር በይውና ከዳታ አውጥተሽ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪው። ከዛ ከዳታ ጎን ባክአፕ የሚል ፎልደር ታገኛለሽ፣ ዛምፕ ሲጫን ራሱ ያስቀመጠው ንጹህ ኮፒ ነው። እዛ ውስጥም ማይኤስኪውኤል የሚል ፎልደር አለ። ኮፒ አድርጊና ዳታ ውስጥ ፔስት አድርጊ። ከት አታድርጊ፣ ኮፒ። አሪያ ሎግ ብለው የሚጀምሩ ፋይሎች ካሉ እነሱንም አውጥተሽ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪ፣ አዲስ ይሰራል። አይቢዳታውንና አይቢ ሎግፋይል የሚሉትን ግን እንዳትነኪ። የአሳ መዝገብሽን ፎልደርም እንዳትነኪ። ፖርቱንም ወደ 3306 መልሺው፣ ሌላ ጣጣ እንዳያመጣብሽ። ከዛ ስታርት።

ፎርማት ነው መፍትሄው፦
ይሄን ሁሉ ከምታደርጊ አንኢንስታል አድርገሽ ብትጭኚው እስካሁን አልቆ ነበር።

አምባዛ፦
ወንድም፣ አንተ ሐኪም ብትሆን ጉንፋን የያዘውን ሁሉ እንደገና ይወለድ ትል ነበር።

ጋሽ ኬብል፦
የቤቲ ትክክል ነው። እኔም ቅድም ይሄንኑ ልል ነበር። 70 በመቶው ተግባር ነው የሚባለው ስልጠና ይሄ ነው እንግዲህ፣ ክፍል ውስጥ ይሄን የሚያሳያችሁ የለም። ሎግ ማንበብ ልመዱ ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ኖት የት፦
ጋሼ ልል ነበር ያሉት ስለ ማሪያ ነው እንጂ ስለ ሎግ አይደለም።

ሜሪ ሌቭል 4፦
አረንጓዴ ሆነ!!!!! ማይኤስኪውኤል አረንጓዴ ሆነ! ቤቲ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን ፒኤችፒ ማይአድሚን ስከፍት «አክሰስ ዲናይድ»፣ መግባት አትችይም፣ አለኝ። የእኔም ሲስተም ሎግኢን ገጹ ላይ እንደዛው። አሁን ደግሞ ምንድን ነው?

የአቶቴው፦
ፖርቱ ነዋ፣ 3307 ላይ አድርገሽው አልነበር?

ቤቲ ዳታቤዝ፦
ፖርቱን ከመለስሽው እሱ አይደለም። ለሩት፣ ለዋናው ዩዘር፣ ፓስወርድ አድርገሽ ነበር አይደል?

ሜሪ ሌቭል 4፦
አዎ፣ ሴኩሪቲ ስንማር አሰልጣኙ አድርጉ ብሎን።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
እሱ ነው። በር ጠባቂውን በአዲስ ቀይረሻል፣ አዲሱ የድሮውን ቁልፍ አያውቅም። አሁን ሩት ፓስወርድ የለውም። ኮድሽ ውስጥ ኮኔክሽን የምታደርጊበት ፋይል ላይ ፓስወርዱን ባዶ አድርጊው፣ ሁለቱን ጥቅሶች ተያቸው፣ መሃላቸው ያለውን ብቻ አጥፊ። ፒኤችፒ ማይአድሚንም የራሱ ኮንፊግ ፋይል አለው፣ እዛም እንደዛው። ሌላ ዩዘር ፈጥረሽ ከነበረ እሱም ጠፍቷል፣ እንደገና መፍጠር ነው። ለነገ ሩት ይበቃሻል። አሰልጣኙ ለምን ፓስወርድ የለውም ካለሽ የሆነውን ንገሪው፣ እንደውም ነጥብ የሚጨምርልሽ ይመስለኛል። ደግሞ እንደተከፈተልሽ ከምንም በፊት ኤክስፖርት!! አሁኑኑ፣ ስልክሽ ላይ ላኪው።

ሜሪ ሌቭል 4፦
እሺ እሺ። አደረግኩት፣ ተከፈተ። ቴብሎቹ አሉ። ቆሮሶው አለ፣ ቢልጫው አለ። ስክሪኑን ላቅፈው ነበር። ኤክስፖርት እያደረግኩ ነው፣ ስጨርስ እነግራችኋለሁ።

አምባዛ፦
አምባዛውስ?

የአቶቴው፦
ሀዋሳ ያላችሁ፣ እኛ ሰፈር አሁን መብራት ጠፋ። እናንተ ጋስ?

ኖት የት፦
አረብ ሰፈርም ጠፍቷል።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
ሜሪ??? ኤክስፖርቱ አልቆ ነበር?

ጋሽ ኬብል፦
ልጄ፣ ዩፒኤስ ያለው ጓደኛ ካለሽ ጠዋት በጊዜ እሱ ጋ ሂጂ። ካልሆነ 1 ሰዓት ላይ ኮሌጁ በር ላይ ሁኚ፣ ላብ ውስጥ መብራት ይኖር ይሆናል። ዛምፕን ከመንካትሽ በፊት ያን ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ኮፒ ፍላሽ ላይ አድርጊው። ይሄኛው ትምህርት አይደለም፣ ልመና ነው።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
3 ሰዓት አልፏል። ሜሪዬ ምን ሆነ?

አምባዛ፦
ወይ አሳው ተሸጠ ወይ ተበላ፣ አንዱን ንገሪን።

ሳሚ ኔት፦
ይቅርታ በመሃል ልግባና፣ እኔ ደግሞ ማይኤስኪውኤሉ ይሰራል፣ አፓቼው ነው የማይነሳልኝ። ትናንት አንድ ፕሮግራም ከጫንኩ ወዲህ ነው። አስቸኳይ ነው።

የአቶቴው፦
ፖርት ነው ወንድሜ። 80ን ሌላ ፕሮግራም ይዞብህ ነው።

ቤቲ ዳታቤዝ፦
ይሄኛው እንኳን እውነትም ፖርት ሊሆን ይችላል።