የአያቴ ፎቶ ያለበት የካሜራ ካርድ አልከፈት ብሎኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ፎቶ የማነሳው ለፍቅሩ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ሄጄ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ሳነሳ ዋልኩ። የእናቴ አባትም ከሽማግሌዎቹ ጋር ጋልበው ነበር። ነጭ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ልጓሙን በግራ እጃቸው ጠበቅ አድርገው ሲያልፉ የእጃቸው ጅማት ሳይቀር በካሜራዬ መስኮት ታየኝ። ከዚያ በኋላ ታመው ስለተኙ ያ ቀን ተመልሶ አይገኝም።

ማታ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስሰካው «ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም» አለኝ። ካርዱ ላይ ያለውን እንዳያጠፋብኝ ፈርቼ እሺ አላልኩትም። ካሜራውም አላነበበውም፤ ሌላ ማንበቢያና ሌላ ኮምፒውተርም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ካርዱ 32 ጊጋ ባይት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ፎቶ አልጨመርኩበትም።

ፎቶሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ስፈልግ በዚያው ካርድ ላይ የነበሩት የጥምቀት ፎቶዎች ደህና ሆነው ወጡ፤ የፋይል ስማቸው ብቻ ጠፍቷል። የአያቴ ግን ከወገብ በታች ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ፈረሱ የለም፤ ፊታቸው ብቻ!

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፋይሉ በካርዱ ላይ ተበታትኖ ስለተቀመጠ ይሆን? ወይስ ካርዱ ራሱ እየሞተ ነው? ከሆነስ ደጋግሜ ከማስነበብ ይልቅ መጀመሪያ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ወስጄ በቅጂው ላይ ብሠራ ይሻላል? የጥሬ ፎቶ (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው፣ RAW የሚባለው) ፋይሎቹንም ለብቻ ማውጣት የሚችል ሰው ካለ ባሕር ዳር ድረስ ይዤ እመጣለሁ።