የብሔራዊ ባንክ ገዥው መግለጫ ኮምቦልቻ ላይ ሲነበብ

ሰላም ወገኖች፣

ኮምቦልቻ ላይ ልብስ ስፌት ለመክፈት እያሰብክ «የምንዛሪውን ነገር ማንን ልጠይቅ?» ያልከው ወንድማችን፣ እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ እዚህ ጀርመን ያለን ሰዎች ወሬያችን ሁሉ «ዶላር ስንት ገባ?» ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ ለቤተሰብ ገንዘብ የምንልክ ሁሉ ደስ አለን። እኔ ግን የያኔው የብሔራዊ ባንክ ገዥ አቶ ማሞ ምሕረቱ የሰጡትን መግለጫ ኮምቦልቻ ለሚሠሩ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ላክሁላቸው። በሥራ ብቻ የምንተዋወቅ ነን፤ ስለዚህ ረጅም ቪዲዮ ልኮ «ይዩት» ማለት ነውር መሰለኝ። የኢንተርኔቱም ወጪ ከእሳቸው ኪስ ነው። ጤንነታቸውን ጠይቄ፣ የከበደኝን ክፍል በጽሑፍ አድርጌ፣ አንድ ጥያቄ አስከተልኩ፦ «ይህ ውሳኔ ክር አስመጥቶ ለሚሰፋ ሰው ምን ይለውጣል?»

መልሳቸው ዓይኔን ገለጠው። በዚያ ውሳኔ ላኪ ነጋዴዎች ከሚያስገቡት ምንዛሪ 50 በመቶውን ለራሳቸው እንዲይዙ ተፈቅዶ ነበር። እሱ የሚጠቅመው ወደ ውጭ ለሚሸጥ ነው። ሸሚዝ ሰፍቶ ደሴ ፒያሳ የሚሸጥ ሰው ዶላር አያገኝም፤ ዚፑን፣ ክሩን፣ የኦቨርሎኩን (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋውን መኪና) መለዋወጫ ግን በአዲሱ ዋጋ ነው የሚገዛው። የአንተን ዩሮ ያበዛው ምንዛሪ የዕቃውንም ዋጋ ይዞት ይወጣል ማለት ነው። በብር ብቻ ያሰላኸው እቅድ ዕቃው ጉምሩክ ሳይደርስ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የስፌት መኪናውንና መለዋወጫውን በዩሮ፣ ኪራይና ደመወዙን በብር ለየብቻ አስላ።

«ወደ ውጭ ብንልክስ?» ብዬም ጠይቄያቸው ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ለዚሁ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ከተማዋን ጎዳ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ አጎዋ በተባለው የንግድ ሕጓ በኩል የሰጠችንን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነሳችን። ብር መርከሱ ብቻውን ዕቃችንን የሚገዛ ሰው አያመጣም አሉኝ። እኔም አምኛቸዋለሁ።

ኑሯቸው ከዚያ ገበያ ጋር የሆነ ሰዎች የሚያዩትን እኛ ከዚህ ሆነን አናየውም። የደሴንና የኮምቦልቻን ባለሙያዎች ገንዘባችንን ከላክን በኋላ ሳይሆን ከመላካችን በፊት እንጠይቃቸው።

— መልስ፣ ከዋሽንግተን

አብሽር ወንድሜ፣ እኅታችን ልክ ናት። እኔ የምጨምረው፦ ባለሙያው ጊዜውን ሰጥቶ እቅድህን ካየልህ ክፈለው። «የአገር ልጅ ነው» እያልን ሰውን በነፃ ማሠራት ልማድ ሆኖብናል። ስለ ጨርቁ ጥራትና ስለ መኪናው ዓይነት ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንን ጠይቅ፤ እዚያው ከተማው ውስጥ ናቸው።

— መልስ፣ ከጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። እቅዴን በሁለቱም ገንዘብ ለይቼ እየሠራሁ ነው። እኅቴ፣ ባለሙያውን አስፈቅደሽ ብታገናኚኝ ደስ ይለኛል፤ የሚጠይቁትን ከፍዬ አማክራቸዋለሁ።