አሮጌዋ ሃይሉክስ ለጭነት፦ ኤል ኤን 106 ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

ደጀን ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት። እ.ኤ.አ. የ1994 ሞዴል ሃይሉክስ (ኤል ኤን 106 የሞዴል ኮዷ ነው)፣ ባለ አንድ ጋቢና፣ 3ኤል የሚባል ናፍጣ ሞተር ያላት ለመግዛት እየተደራደርኩ ነው። ሥራዋ ከደጀን ዙሪያ ጤፍና ሽምብራ ይዛ አዲስ አበባ መግባት፣ ስትመለስ ሲሚንቶና ቆርቆሮ መጫን ነው። የእርሻው መግቢያ ጥቁር አፈር ስለሆነ ክረምት ላይ ያለ ፎር ዊል አይታሰብም። ደላላው «20 ኩንታል ይዛ አባይን ትወጣለች» ይላል። ከኋላ ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከም የብረት ቅጠል ስፕሪንግ) ተጨምሮባታል። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትም «ለሙቀት አገር አያስፈልግም» ተብሎ ወጥቷል አሉኝ። ሞተሩን በምን ልፈትሽ? በልኩ የሚባለው ጭነት ስንት ነው? ወይስ ገንዘብ ጨምሬ ዲ4ዲ (በኮምፒውተር የሚመራው አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ያላት ትሻለኛለች? የምታውቁ አስረዱኝ።

የናፍጣ ሰው

ወንድሜ፣ ሞተሯ ሌሊቱን አድራ ሳትነሳ ጠዋት ሂድ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ተመልሰህ ሌላ ቀን ና፤ የዚህ ሞተር ሕመም የሚታየው በብርድ ነው።

መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ውሃው ላይ የዘይት ፊልም ካለ ወይም የዘይት መለኪያው ቡና በወተት መስሎ ከወጣ ድርድሩ እዚያው ያብቃ። ንጹህ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ አስነሳ። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ የታፈነ አየር ሊሆን ይችላል። ለ5 ደቂቃ ሳያቋርጥ እንደ ሶዳ ከተንተከተከ ግን ወይ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ወይ ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል ተሰንጥቋል። በ3ኤል ላይ ሁለተኛው ብርቅ አይደለም።

ጭሱን ተመልከት። ነጭ ሆኖ ያልተቃጠለ ናፍጣ የሚሸትና በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ካንዴሊታ (ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ነው፤ ርካሽ ጥገና ነው። ሽቦውን ነቅለህ ከካንዴሊታው ጫፍ ወደ ሞተሩ አካል በመለኪያ ስትለካ ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ከቀጠለ የኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እምቅ ግፊት) መውረድ ወይም የፖምፓ (ናፍጣ የሚገፋው ፓምፕ) ታይሚንግ ጠርጥር። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ ገልብጠህ አስቀምጠው፤ ትንፋሹ አንስቶ ከወረወረው ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል። ኮምፕሬሽን የሚለካ ጋራዥ ካገኘህ አስለካ። ከ20 ባር በታች የወረደ ሲሊንደር ካለ፣ ወይም በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የ5 ባር ልዩነት ካለ የሞተር ሙሉ እድሳት ዋጋውን ከመኪናዋ ዋጋ ላይ ቀንስ።

ጥቁር ጭስ ለብቻው መነገር ያለበት ነው። 3ኤል ቱርቦ የለውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ባለመኪናው «ሰነፈች» ይላል፣ መካኒኩ የፖምፓውን የናፍጣ ብሎን ይከፍትለታል። ለጊዜው ደስ ይላል። ነገር ግን አየር ሳይጨመር ናፍጣ ብቻ ሲጨመር የጭስ ማውጫው ሙቀት ይወጣል፤ ጭነት ይዛ ረጅም ዳገት ላይ ስትቆይ ቴስታታው የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ፖምፓው ላይ ያለው የፋብሪካ ማሸጊያ ተሰብሮ እንደሆነ ተመልከት። ዳገት ላይ ከኋላ ያለውን መኪና የሚያለብስ ጥቁር ጭስ ካለ ደግሞ ብሎኑን ወደ ልኩ ማስመለስ አለብህ።

ዲ4ዲን በተመለከተ፣ ጥሩ ሞተር ነው፤ ግን ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎቹ ቆሻሻ ናፍጣ አይችሉም፣ ሲበላሽም ያለ ኮምፒውተር አይታወቅም። 3ኤልን ለማስኬድ ወደ ፖምፓው የናፍጣ መዝጊያ የምትሄድ አንዲት የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ትበቃዋለች። መንገድ ላይ ድንገት ጥፍት ካለች ቀድመህ ያቺን ሽቦ ፈትሽ። ይቺን መኪና አጥብቄ የምወዳት ለዚህ ነው፤ የትም ከተማ በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ቁልፍ የሚፈታትና የሚገጥማት ሰው ይገኛል።

ሻንሲ

የናፍጣ ሰው ያልጠቀሰው ታይሚንግ ቺንጋ (ክራንኩን ከካምሻፍቱና ከፖምፓው ጋር የሚያገናኝ ቀበቶ) አለ። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ለዚሁ የተሠራ መብራት አለ። ብዙዎቹ ላይ ግን አምፖሉ ተነቅሏል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ። ሲቀየር ቺንጋውን የሚወጥረው ቡሊና የካምሻፍቱ የዘይት ጎማ (ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጋ ቀለበት) አብረው ይቀየሩ። ጎማው ካፈሰሰ አዲሱን ቺንጋ ዘይት አበላሽቶ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የካምሻፍት፣ የፖምፓና የክራንክ ምልክቶች ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ ሁለት ዙር በእጅ አዙረው ምልክቶቹን ደግመው ይዩ። መካኒኩ ይህን ሳያደርግ በሞተሪኖ ሊያስነሳ ከፈለገ አስቁመው።

አሁን ወደ ጭነቱ። የደላላውን 20 ኩንታል እርሳው። ባለ አንድ ጋቢናዋ 10 ኩንታል ገደማ፣ ማለትም አንድ ቶን ነው የምትሸከመው፤ ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ሰውም ከዚያው ይቆጠራል። ሲሚንቶ ከሆነ ሰው ሳይቆጠር 20 ከረጢት ነው፤ የሰዉን ክብደት ከዚያ ቀንስ። ክብደቱን ወደ ጋቢናው አስጠግተህ ከኋላው ዘንግ ፊት አድርግ። ቆርቆሮና ብረት ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ወደ ኋላ ሲንጠለጠል በዚያው ኪሎ ሻንሲውን አብዝቶ ያጎብጠዋል፣ መሪውም ይቀላል።

ባሌስትራ መጨመር መኪናዋ እንዳትጎብጥ ይረዳል እንጂ የሻንሲውን፣ የኋላ ኩሽኔታውንም ሆነ የፍሬኑን አቅም አይጨምርም። ስለዚህ ስትገዛት ከሥሯ ግባ፦ ከጋቢናው ኋላ፣ ካሶኒው በሚጀምርበት ቦታ ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ጥረግ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። ስንጥቅ ከተገኘ ጫፉ በድሪል ተበስቶ መቆም አለበት፣ ከላይ የሚለጠፈው ብረትም ጫፉ ሰያፍ ይቆረጥ። ቀጥ ተደርጎ የተበየደ ብረት ጫፉ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል። በብየዳ ጊዜ የባትሪውና የዲናሞው ሽቦዎች ይነቀሉ።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ከኋላው ዘንግ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ብረት ያለው የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ አለ። ኋላዋ ሲወርድ «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል። ባሌስትራ ተጨምሮ ኋላዋ ከፍ ካለ ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ይገምታል፣ የኋላው ፍሬን ይደክማል፣ የፊቱ ሸራ ቶሎ ያልቃል። የዚያ ቀጭን ብረት ርዝመት ከአዲሱ ከፍታ ጋር መስተካከል አለበት። ባንተዋ ላይ ተስተካክሎ እንደሆነ ጠይቅ። የዩ ቦልቶቹ ዳዶም ባሌስትራ በተነካ ቁጥር ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ይጥበቅ፤ ከላላ የመሃሉ ብሎን ይቆረጥና ዘንጉ ከቦታው ይንሸራተታል።

ቴስታታ

በቴርሞስታቱ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ስንት ደህና ሞተር በዚህ ሄዷል! አውጥቶ መጣል ሙቀት አይቀንስም። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ ያለውን መንገድ ይከፍታል፣ በሥሩ ባለው ሳህን ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ይዞራል። ጠዋት ሞተሩ አይሞቅም፣ ፋሻው ይበላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ ይሞቃል። አዲስ ቴርሞስታት በጓርኒሲዮን ግዛና አስገባው፤ ትንሿ የአየር ማስወጫ ወደ ላይ ትሁን። ከመግጠምህ በፊት ውሃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ ጨምረህ መከፈቱን እይ።

የራዲያተሩ ክዳንም ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በሲስተሙ ውስጥ እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው፣ ጎማው የደረቀ ክዳን ደግሞ ግፊት አይይዝም። ከመሞቋ ችግር ግማሹ ክዳን፣ የላላ የፋን ቺንጋና በሣር የተደፈነ ራዲያተር ነው። ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውሃ እጠበው።

ያለፈ ጥገና ካላት ደግሞ የትኛው ጓርኒሲዮን እንደገባ ጠይቅ። ለዚህ ሞተር በ3 ውፍረት ይመጣል፦ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። ሱቅ ውስጥ የተገኘው ከተገጠመ፣ የቀጠነው ፒስተኑን ከቴስታታው ሊያጋጭ ይችላል፤ የወፈረው ኮምፕሬሽን ስለሚቀንስ ጠዋት አስነሺ ብትላት እሺ አትልም።

ደጀን ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የፊት ጎማዋ ከውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ይተፋል፤ ሻጩ «ግሪስ ስለበዛ ነው» ይላል። አባይን ስወርድስ ፍሬኑን እንዴት ላድነው?

ሻንሲ

ግሪስ በዝቶ አይደለም። የ106 የፊት ዘንግ እንደ ኋላው ድፍን ነው፣ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ፤ ለጥቁር አፈርህም የሚሻልህ እሱ ነው። ከጎማው ውስጥ ያለው ክብ ኳስ በግሪስ ብቻ መሞላት አለበት። የውስጥ የዘይት ጎማው ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ገብቶ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ በውጭው መጥረጊያም ይወጣል። በጣትህ እሸው፤ እንደ ሾርባ ከቀጠነ ጎማው ሄዷል። በሁለቱም በኩል የዘይት ጎማና የውጭ መጥረጊያ ይቀየራል፣ ሲፈታ ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎችም ይታያሉ። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘህ በፎር ዊል ቀስ ብለህ ስትነዳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ መጋጠሚያው ራሱ አልቋል፤ ያ ብዙ ገንዘብ ነው። ጎማውን ከፎር ዊሉ ጋር የሚያገናኙት የፊት ሞዞ መቆለፊያዎችም በእጅ በቀላሉ መዞራቸውን እይ። በወር አንዴ ፎር ዊል አስገብተህ ጥቂት ንዳት፣ አለዚያ ይደርቃሉ።

የናፍጣ ሰው

አባይን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ከአዲስ አበባ ስትመለስ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን ሳትጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገባ፤ መሃል ላይ ለመቀነስ መሞከር ይቸግራል። ፍሬኑን ሳትለቅ ረጅም አትርገጥ፤ ጠንከር አድርገህ ፍጥነቱን ሰበር፣ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። 2 ዓመት ያለፈው ዘይት ሸራው ሲግል ቶሎ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ስትገዛት ወዲያው በዶት 3 አስቀይር፣ የሞተር ዘይቱን 15ደብልዩ40 ወደ 6 ሊትር፣ የናፍጣ ፊልትሮውንም አብረህ። በፊልትሮው ሥር ያለውን መክፈቻ አላልተህ ውሃውን በየሳምንቱ አውጣ።

ቴስታታ

ከቀብድ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያይ። በ3ኤል ፋንታ 2ኤል ወይም 5ኤል የገባባቸው ብዙ ናቸው። 5ኤል ከሆነ አትከፋ፣ ጉልበቱ ይሻላል፤ ግን ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ቦሎ ስታሳድስና ስም ስታዛውር ያስቸግርሃል። ሻጩ ቀድሞ ያስመዝግብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ስላስወደደ አገር ውስጥ ያሉት ዋጋቸው ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ሻጩ ዋጋ አልቀንስም ቢልህ አይግረምህ። ሻንሲዋ ንጹህ፣ ውሃዋ የማይንተከተክ ከሆነች ግዛት፤ ቺንጋ፣ ቴርሞስታትና የፊት ዘይት ጎማ የምታስጠግንበትን ገንዘብ ግን ከወዲሁ ለይተህ ያዝ።