ሌክሰሱ ኋላው ቁጭ ብሎ አልነሳም አለኝ፤ ነገ ጠዋት መንገድ አለብኝ

ብሩኬ ቄራ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ እርዱኝ። ሌክሰሴን ዛሬ ጠዋት ሳስነሳው ኋላው ቁጭ ብሎ ቀረ። ፊቱ የከፍታ ቁልፉን ስጫን ከፍ ይላል፣ ኋላው ግን ንቅንቅ የለም። ክሪስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ኦፍ የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ትንሽ ጉብታ ላይ ስወጣ ወገቤን በዱላ የመቱኝ ነው የሚመስለው። ጋራዥ ወስጄው ፓምፑ ተቃጥሏል፣ ሙሉ ፓምፕ ይገዛ አሉኝ። የጠሩልኝን ዋጋ ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት እናቴን ይዤ ለአጎቴ ተዝካር ደብረ ብርሃን መሄድ አለብኝ። ፓምፑ ሶማሌ ተራ ይገኛል? ወይስ ሌላ መላ አለ?

የጎተራው፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። መኪናው ግን ካንተ ቀድሞ ለቅሶ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ሞዴሉ ስንት ነው? ሌክሰስ ብቻ ብለኸን ምኑን እንንገርህ?

ሞላ ይሻላል፦
ሙሉውን ነቅለህ ጣለውና ወፍራም ሞላና ተራ አሞርዛተር አስገባበት። የአክስቴ ልጅ እንደዛ አድርጎ 4 ዓመት ነድቶታል። ዘይት የለ፣ ሴንሰር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።

ብሩኬ ቄራ፦
ይቅርታ፣ ጭንቀት ላይ ሆኜ ነው። ኤልኤክስ 470፣ 2003። ያ ኤች (ከፍ)፣ ኤን (መደበኛ)፣ ኤል (ዝቅ) የሚል ከፍታ መምረጫ ያለው።

ጋሽ መፍቻ፦
ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት የምትነዳውን እወቅ። ይሄ መኪና የቆመው በሁለት ነገር ነው። ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ብረት)፣ ከኋላ ሞላ አለው፤ እነሱ የክብደቱን ከፊል ብቻ ነው የሚችሉት። የቀረውን የሚሸከመው በግፊት የተያዘ ዘይት ነው። በየጎማው ከአሞርዛተሩ ጋር በቱቦ የተገናኘች አንዳንድ ኳስ አለች። ኳሷ ውስጥ ናይትሮጅን ጋዝ አለ፣ ከዘይቱ የሚለየው አንድ ስስ ላስቲክ ነው። ጉድጓድ ስትገባ ዘይቱ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ሌክሰስን ሌክሰስ ያደረገው ያ ልስላሴ ከዚህ ነው የሚመጣው። ጋዙ በዓመታት ብዛት ሲያልቅ የሚጨመቅ ነገር አይኖርም። ዘይት ደግሞ አይጨመቅም። ያኔ መኪናው ጋሪ ይሆናል። ከፍታውን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው፤ እሱም የሚያየው በ3 ሴንሰር ነው፣ ከፊት 2 ከኋላ 1። ከነዚህ አንዱ ከታወረ ኦፍ ብሎ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። እኔ ሰው መጀመሪያ መለዋወጫ ሲገዛ ሳይ አዝናለሁ። መጀመሪያ ይመርመር።

ሰላም ከአሌክሳንድሪያ፦
ብሩኬ፣ ቨርጂኒያ ሆኜ የዚሁኑ መኪና 2001 ሞዴል ራሴ ነው የምጠግነው፣ ስለዚህ ስማኝ። ፓምፑ አይደለም! ፓምፑ እኮ አንድ ነው። ፊቱንም ኋላውንም የሚያነሳው እሱ ነው። ፊቱ ከፍ ካለ ፓምፑ ሕይወት አለው ማለት ነው። ፓምፕ ልትገዛ ነው ብዬ ልቤ ተሸበረ። ሰሞኑን ከመኪናው ስር የተነካካ ነገር አለ? ጎማ፣ ፍሬን፣ ምንም ይሁን።

ሞላ ይሻላል፦
ለዚህ እኮ ነው ሞላ የምለው። ምርመራ፣ ምርመራ እያሉ ብር ይጨርሱብሃል።

ሰላም ከአሌክሳንድሪያ፦
ሞላ ማስገባት ይቻላል፣ አልከራከርም። ግን ነገ ጠዋት ለሚሄድ ሰው የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። ፊቱም ቶርሽን ባሩ በሌላ መቀየር አለበት፣ ያለዚያ ያጎነብሳል። ጥያቄው ደግሞ እሱ አይደለም።

ብሩኬ ቄራ፦
ምንም የተነካ የለም። ከትናንት ወዲያ የጭስ ቱቦው ማርሚታ ተሰንጥቆ አስበየድኩት፣ በቃ ያ ብቻ ነው።

ሰላም ከአሌክሳንድሪያ፦
ብሩኬ! እሱን ነበር መጀመሪያ መናገር! የጭስ ቱቦው የሚያልፈው በኋላው አክሰል በኩል ነው፣ የኋላው ከፍታ ሴንሰርም እዚያው ሰፈር ነው። ከሴንሰሩ አንዲት አጭር ክንድ ትወጣለች፣ ከክንዷ ጫፍ ቀጭን ዘንግ ወደ አክሰሉ ይወርዳል። በያጁ ቱቦውን ሲያወጣና ሲያስገባ ዘንጉን ነቅሎት ወይም ሰብሮት ሊሆን ይችላል። ክንዷ ወደ ታች ስትንጠለጠል ኮምፒውተሩ ኋላው ከልክ በላይ ከፍ ያለ ሊመስለው ይችላል፣ ስለዚህ ዘይቱን እየለቀቀ ያወርደዋል። የባትሪው ገመድ ሳይነቀል ከተበየደ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ኮምፒውተር ሊጎዳ ይችላል።

ጋሽ መፍቻ፦
ልጅቷ ሰላም ልክ ናት። የቶዮታ መመርመሪያ ያለው ሰው ካገኘህ ሲ 1713 የሚል የብልሽት ቁጥር ካወጣ የኋላው ሴንሰር ነው። ግን አደራ ልጄ፣ ሞተሩ እየሠራ ከስሩ እንዳትገባ። ከፍና ዝቅ የሚል መኪና ሰው ይጨፈልቃል። ሻሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ደግፈህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ ከዚያ ግባ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

አቡዳቢ ሹፌር፦
እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዘይት ጎድሏል ብሎ ማንም የፍሬን ዘይት እንዳይጨምርበት! እኔ የምነዳው ላይ አንዱ እንደዛ አድርጎ ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) ሁሉ አብጦ በአራቱም በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ለዚሁ ሥራ የተሠራ የቶዮታ ሰስፔንሽን ዘይት አለ፣ በ2.5 ሊትር ጣሳ ይሸጣል። እሱን ብቻ።

ዘሪሁን 100፦
ኳሶቹንም ነጻ ለመመርመር፦ ኮፈኑን ክፈትና የሰስፔንሽኑን ዘይት ማጠራቀሚያ እየው፣ ጎኑ ላይ የተሰመሩ መስመሮች አሉ። መኪናውን ባዶ አድርገህ ኤች ላይ አውጣውና ዘይቱ የቱ መስመር ጋ እንደሆነ ያዝ። ከዚያ ኤል አድርገህ ድጋሚ ቁጠር። አዲስ ሲሆን ልዩነቱ ወደ 14 መስመር ይደርሳል። 7 እና ከዚያ በታች ከሆነ የኳሶቹ ጋዝ እያለቀ ነው። አሁን ግን ኋላው ስለማይነሳ ልኬቱ አይሠራልህም፣ ዘንጉን ካስተካከልክ በኋላ ነው። የእኔ 6 መጥቶ አራቱንም ኳስ ቀየርኩ፣ ከዚያ በኋላ ልጆቼ ኋላ ወንበር ላይ ይተኛሉ።

የጎተራው፦
እኔ እንኳን ጎተራ የማውቀው ጎሚስታ ልጠቁምህ ነበር፣ አሁን ምን ላድርግ!

ብሩኬ ቄራ፦
ሰዎች፣ አገኘሁት! ጋሼ እንዳሉት ደግፌ በስልክ መብራት አየሁ። ዘንጉ አንዱ ጫፉ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ኳስ የምትመስለው መገጣጠሚያው ውስጡ ዝገት ብቻ ነው፣ ቢጫ ዱቄት ረገፈብኝ። ጎኑ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ተጣብቆበታል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። በሽቦ ልሰረው?

ሰላም ከአሌክሳንድሪያ፦
ተመስገን! ላላ ባለ ሽቦ አይደለም፣ ከተወዛወዘ ከፍታውን ያዛባል። በቀጭን ብሎንና ነት መልሰህ ግጠመው፣ ክንዷ ግን በነጻነት ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ አለባት። ከዚያ አስነሳና ኤን ላይ 5 ደቂቃ ጠብቅ። ኋላው ከተነሳ በዝግታ ትሄዳለህ። ካልተነሳ ግን እናትህን በዚህ መኪና አትጫን፣ ከጎረቤት ተዋስ። ስትመለስ ሴንሰሩን ከነዘንጉ ቀይረው።

ጋሽ መፍቻ፦
የፊቱንም የዘይት ግፊት በመመርመሪያ አስለካ። 6.9 ሜጋ ፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። ብዙ ካለፈ ቶርሽን ባሩ ደክሟል፣ በማጥበቅ ይስተካከላል። ለእናትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ።

ሞላ ይሻላል፦
ከተመለስክ በኋላ ግን ሞላውን አስብበት።

ሰላም ከአሌክሳንድሪያ፦
ብሩኬ፣ እዚያ አሁን ነግቷል። ተነሳ? ደረሳችሁ?

ዘሪሁን 100፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው። መስመሩንም ስትቆጥር ስንት እንደመጣ ጻፍልን።